ሰማያዊ መለዮ ለመልበስ ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ስትመላለሱ የአፍሪካ ኅብረትን ሕንፃና የአፍሪካ አዳራሽን እያያችሁ ያደጋችሁ ናችሁና፣ በወታደርነትም ሆነ በሲቪል ሠራተኛነት በሰላም ማስከበር ሥራ ለመሰማራት ብትመኙ አይገርመኝም። ጡረታ የወጣሁ መኮንን በመሆኔ ምክር ፈልገው የሚመጡ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ አበልና ስለ ማመልከቻ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣላችሁ ስለ ፈቃድ ነው፤ ይኸውም ተፋላሚዎቹ ወገኖች ሰላም አስከባሪው እንዲመጣ መስማማታቸው፣ ከመጣም በኋላ በስምምነታቸው መጽናታቸው ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር ውስጥ ሰላም ማስከበርን የሚደነግግ አንቀጽ የለም። አሠራሩ ከችግር የተወለደ ነው፤ በ1940 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ በተላኩ የተኩስ አቁም ታዛቢዎች ተጀመረ፤ በ1949 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና እስራኤል በስዊዝ ቦይ የተነሣ ግብፅን በወጉበት በስዊዝ ቀውስ ጊዜ ዋና ጸሐፊው ዳግ ሐመርሾልድ የመጀመሪያውን የታጠቀ ኃይል ሲያሰማሩ መልክ ያዘ። ዛሬም በየማሠልጠኛው የሚሰጡት ሦስቱ መርሖች፣ ማለትም የወገኖቹ ፈቃድ፣ አለማዳላት፣ እንዲሁም ራስንና የተሰጠን ተልዕኮ ከመከላከል በቀር ኃይል አለመጠቀም፣ ከዚያ ልምድ የተቀዱ ናቸው። በጽሑፍ እኩል ሆነው ቢደረደሩም በእኔ ግምት ሁለቱ የቆሙት በመጀመሪያው ላይ ነው። ሁለቱ ባላንጣዎች እሺ ብለው ካልተቀመጡ ሽማግሌ የቱንም ያህል ቢከበር እንደማያስታርቅ በየሰፈራችሁ አይታችኋል። ያው የስዊዝ ኃይል የሰፈረው ከግብፅና ከእስራኤል ድንበር በግብፅ በኩል ብቻ ነበር፤ በግንቦት 1959 ዓ.ም. ግብፅ ውጡልኝ ስትል ዋና ጸሐፊው ኡ ታንት ከመስማማት ሌላ መንገድ አላገኙም፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የእስራኤልና የዓረቦች ጦርነት ፈነዳ።

በነገራችን ላይ፣ የአገራችንን የሰላም ማስከበር ታሪክ ከኮርያ የሚጀምሩ ጸሐፊዎች አሉ። የቃኘው ሻለቃዎች ተጋድሎ የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን የዘመቱት ከአንዱ ወገን ጋር ተሰልፈው ሌላውን ለመዋጋት ነበርና ሁለቱን ማምታታት አይገባም። የእኛ ታሪክ በትክክል የሚጀምረው በ1952 ዓ.ም. ከኮንጎ ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ብዙዎቻችሁ አታስታውሱትም። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተሰማራው ተልዕኮ በሐምሌ 1992 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ከአዲስ አበባና ከአስመራ እየተመራ፣ እስከ 4,200 ወታደር ተፈቅዶለት፣ በኤርትራ ምድር ውስጥ የተከለለውን 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ቀጠና ይጠብቅ ነበር። የሁለቱን አገሮች ወሰን እንዲለይ የተሰየመው የድንበር ኮሚሽን በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ በመሬት ላይ ሳይተገበር ዓመታት ሲያልፉ አስመራ ቅሬታዋን ወደ ተልዕኮው አዞረች፤ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሄሊኮፕተር በረራ ከለከለች። ቁስለኛን በአየር ማንሣት የማይችል አዛዥ ወታደሮቹን በሩቅ ጣቢያ ማቆየት አይችልምና ብዙ ጣቢያዎች ተለቀቁ። ቀጥሎ ነዳጅ ተከለከለ፤ በሐምሌ 2000 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት ተልዕኮውን ዘጋ። ያን የሚያህል ኃይል ለማስወጣት የበረራና የነዳጅ ክልከላ በቂ ነበር።

ፈቃድ ግን ከመንግሥታት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ስለሚወዛገቡበት ስለ አቢዬ ግዛት የተደረገው ስምምነት በሰኔ 2003 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ሲፈረም ካርቱምም ጁባም የኢትዮጵያን ሠራዊት ለመቀበል ተስማምተው ነበር፤ በዚያው ወር የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1990 ኃይሉን አቋቋመ። ከቦታው ስንደርስ ግን ፊርማው ያላገኛቸው ሰዎች ጠበቁን፤ በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ ደቡብ የሚነዱት ሚሴሪያዎችና በምድሩ ላይ የሚኖሩት ንጎክ ዲንካዎች። ከእነዚህ ጋር ፈቃድ በየቀኑ ይታደሳል ወይም በየቀኑ ይመናመናል። በመንደር መሐል በፍጥነት እየነዳ አቧራውን በሰው ላይ የሚያለብስ ሹፌር፣ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ከአገር ሽማግሌ ጋር የሚነጋገር መኮንን፣ የማይፈጽመውን የውኃ ጉድጓድ ቃል የሚገባ አስተባባሪ፣ እያንዳንዳቸው ከዚያ ፈቃድ ላይ ይቀንሳሉ። የፍየል ዘረፋ ወሬ ሲሰማ በዚያው ቀን ሄዶ የሁለቱንም ወገን ቃል መስማት ግን፣ አሰልቺ ቢመስልም፣ ከብዙ ቅኝት ይበልጣል። ይህም ሁሉ ተደርጎ ዋስትና አይሆንም፤ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የንጎክ ዲንካዎች ታላቅ አለቃ በተባበሩት መንግሥታት አጀብ ሲጓዙ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ጋር ተገድለዋል። የመንግሥት ፈቃድም ቢሆን ጸንቶ አይኖርም፤ ከኢትዮጵያና ከሱዳን የድንበር ውዝግብ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ሱዳን ኢትዮጵያውያኑ እንዲተኩ ጠየቀች፤ በማግሥቱ ዓመት ሠራዊታችን ለሌሎች አገሮች ወታደሮች ቦታውን ለቀቀ።

አለማዳላት ማለት እጅን አጣጥፎ መመልከት እንዳይመስላችሁ። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የሩዋንዳው እልቂት በተፋፋመበት ሰዓት የጸጥታው ምክር ቤት በዚያ የነበረው ወደ 2,500 የሚጠጋ የሰላም አስከባሪ ኃይል ወደ 270 ሰው ዝቅ እንዲል ወሰነ። በነሐሴ 1992 ዓ.ም. የድርጅቱን የሰላም ማስከበር አሠራር እንዲመረምር ተሰይሞ በአልጄሪያዊው ዲፕሎማት በላኽዳር ብራሂሚ የተመራው ቡድን ያወጣው ዘገባ ስምምነቱን የሚጥሰውን ወገን ከሚያከብረው ጋር እኩል ማስተናገድ ተባባሪነት እስከ መሆን ሊደርስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ጥፋተኛውን ጥፋተኛ ማለት ፈቃዱን ሊያሳጣችሁ ይችላል፤ ዝም ማለት ደግሞ የተጠቂውን እምነት ያሳጣችኋል። ለዚህ ውጥረት ቀመር የለኝም። የምመክራችሁ ሁለቱንም በአንድ መለኪያ ለክታችሁ፣ የለካችሁበትንም ለሁለቱ በግልጽ ነግራችሁ እንድትሠሩ ነው።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ፦ ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ወታደር በወር ከ1,400 ዶላር በላይ የሚከፍለው ለላኪው መንግሥት ነው፤ ለወታደሩ የሚደርሰውን የሚወስነው አገሩ ነው። ቤት ለመሥራት ብቻ የሚሄድ ሰው ደግሞ ወሬ አጣርቶ ለመምጣት ሁለት ሰዓት በእግር አይጓዝም።

ተልዕኮዎች እየቀነሱ ነው፤ ማሊ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ውጡልኝ ብላ በስድስት ወር ውስጥ በዚያ የነበረው የድርጅቱ ትልቅ ኃይል ተጠቃልሎ ወጥቷል። ስለዚህ ዝግጅታችሁ ከእኛ ዘመን የጠለቀ ይሁን። የምትሄዱበትን ተልዕኮ ያቋቋመውን ውሳኔ ከነማሻሻያዎቹ አንብቡ፤ ማን እንደፈረመና ማን ሳይጠየቅ እንደቀረ ለዩ። ቋንቋ ተማሩ፤ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና በኮንጎ ፈረንሳይኛ፣ በአቢዬ ዓረብኛ፣ በሶማሊያ ሶማሊኛ ሳይዝ የሚሄድ ሰው የሚሰማው አስተርጓሚው የመረጠለትን ብቻ ነው። ትምህርቱን ከምደባችሁ በፊት ጀምሩት፤ ከደረሳችሁ በኋላ ጊዜ አይገኝም።