ዓይኗን የት አደረስከው?

ልጆች፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ካሜራ አንግታችሁ ስታልፉ አያችኋለሁ። ጎራ ብላችሁ ስትጠይቁኝ ደግሞ ደስ ይለኛል። ሰሞኑን አንዱ "ጋሼ፣ በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ የሚያበሩት ለምንድን ነው? ፀሐይዋ አልበቃ ብላዎት ነው?" አለኝ። ሳቅኩ። በእሱ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ብያለሁ፤ ብዬም ተዋርጃለሁ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ሐይቅ ለሠርግ ተላክኩ። ከቀኑ 6 ሰዓት አልፏል። ሙሽሮቹን ውሃው ዳር አቆምኳቸው፤ ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ናት። ባለ 36 ፊልም ጨርሼ ተመለስኩ። ታጥቦ ሲወጣ ውሃው ያምራል፣ ቬሎው ያምራል፤ ሙሽሪት ግን ዓይን የላትም። ከቅንድቧ ሥር ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ብቻ። የአፍንጫዋ ጥላ ወርዶ ጢም መስሏል። እናቷ አልበሙን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ያን የመሰለ ዓይኗን የት አደረስከው?"

ምን ልበል? ወሎ ውስጥ የሙሽራ ዓይን ማጥፋት ቀላል ጥፋት እንዳይመስላችሁ።

አሠሪዬን "ፍላሽ ብጠቀምስ ኖሮ?" ብዬ ጠየቅኩት። "በፀሐይ ፍላሽ ፎቶ ያቃጥላል" አለኝ። አመንኩት። ሰውየው እንዳልዋሸ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። የያዝነው ዜኒት የሚባል የሶቪየት ካሜራ ነበር። ዜኒት ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ከ1/30 ሰከንድ በላይ ከፈጠነ ከፍላሽ ጋር አይግባባም። ለብርሃን ያለው ስሜት 100 በሆነ ፊልም፣ በዚያ ፀሐይ፣ ኤፍ 16 ላይ ብትሆኑ እንኳ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) 1/125 ያስፈልጋችኋል። ሌንሱ ደግሞ ከ16 በላይ አይጠብም። በ1/30 ስታነሱ ከሚገባው አራት እጥፍ ብርሃን ይገባና ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። ፎቶውን ያቃጠለው ሹተሩ ነው፤ ስሙ የጠፋው ግን የፍላሹ።

ይቺ የሹተር ነገር ዛሬም አለች። ሹተር ሁለት መጋረጃ ነው። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ተከትሎ ይዘጋል። በጣም ሲፈጥን ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይጠብቀውም፤ በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት ብቻ ትሮጣለች። ፍላሽ ደግሞ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ ከፎቶው ከፊሉን ብቻ ያገኘዋል። የብዙዎቻችሁ ካሜራ ድንበር 1/200 ወይም 1/250 ነው፤ እወቁት። አዳዲሶቹ ፍላሾች ከዚያ በላይም ይሠራሉ፣ ግን ጉልበታቸው ክፉኛ ይወርዳል። ቀረብ ማለት ግድ ነው።

እኔ የተገላገልኩት በ1/250 ከፍላሽ ጋር የሚሠራ ኒኮን ኤፍ ኤም 2 እጄ ሲገባ ነው። ጣጣው ብዙ አይደለም። አይ ኤስ ኦ (የብርሃን ስሜቱ) 100፣ ሹተር 1/250፣ ኤፍ 11፤ ይሄ ለጠራራ ፀሐይ ልክ ነው። ቀጥሎ የፍላሹን ጋይድ ነምበር፣ ማለትም ጉልበቱን የሚነግራችሁን ቁጥር፣ በኤፉ ቁጥር አካፍሉ። 32 ከሆነ፣ 32 ለ11 ወደ 3 ሜትር ይመጣል። ማለትም ከሰውየው 3 ሜትር ርቃችሁ በሙሉ ጉልበት ብታበሩ ፍላሹ ከፀሐይዋ እኩል ይሆናል። እኩል ግን አንፈልግም። እኩል ሲሆን ፊቱ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ግማሽ ጉልበት አድርጉት፤ አንዳንዴም ሩብ። ጥላው ይሳሳ እንጂ አይጥፋ። ያየው ሰው "ፍላሽ ነው" ካለ በዝቷል ማለት ነው። ካሜራው ራሱ እንዲያሰላ ከተዋችሁትም ፍላሹን አንድ ስቶፕ (ማለትም በግማሽ) ወይም አንድ ተኩል ቀንሱለት።

ሌላው ደግሞ ሰው ፊቱን ወደ ፀሐይ እንዲያዞር አታስገድዱ። እኛ ስንማር "ፀሐይን ከኋላህ አድርግ" ነበር የሚባለው። ውጤቱ ዓይኑን የጨፈነ፣ ግንባሩን የቋጠረ ሰው ነው። ፀሐይዋን ከሰውየው ጀርባ አድርጉ። ሹሩባው ጠርዝ ላይ ብርሃን ይቀመጣል፣ ዓይንም ዘና ብሎ ይከፈታል። ፊቱ ጥላ ውስጥ ገባ? ታዲያ ፍላሹ ምን ሊሠራ መጣ!

እኛ አገር ይህ ነገር የሚብሰው በልብሱ ምክንያት ነው። ጠይም ፊት፣ በረዶ የመሰለ ነጠላ፣ ላዩ ላይ ጠራራ ፀሐይ። ካሜራው ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። ለፊቱ ስታስተካክሉ ጥለቱ ይነጣል፣ ሽመናው ይጠፋል። ለነጠላው ስታስተካክሉ ፊቱ ይከስላል። እኔ ሁሌ የማስተካክለው ለነጠላው ነው። ክሩ እስኪታይ ድረስ ብርሃኑን አወርደዋለሁ፤ ፊቱን በፍላሽ አነሳዋለሁ። የነጣ ጨርቅ በኮምፒውተርም አይመለስም።

ላሊበላ ለአሸንድዬ የምትሄዱ ይህን ልብ በሉ። ከተማዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ግድም ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። አንዱ በሚያዝያ አጋማሽ ግድም ነው። ሁለተኛው ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ልክ ልጃገረዶቹ ነሐሴ 16 ሊወጡ ሲሉ! ደመናው ገለጥ ካለ፣ 6 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። አየሩም በከፍታው ምክንያት ስስ ነው፤ ጥላው ይጠቁራል። ያኔ ያለ ፍላሽ ማንሳት የእኔን የሐይቅ ሠርግ መድገም ነው። ትርፍ ባትሪ ያዙ። መሐረብም ያዙ፤ ላብ ያለበት ግንባር ፍላሽ ሲያርፍበት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ስትቀላ፣ ፍላሹን ብርቱካንማ ፕላስቲክ አልብሱት፤ አለበለዚያ ጀርባው ወርቅ፣ ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል።

ስልክ ያላችሁ፣ የስልኩን መብራት እርሱት። ለቀን ፀሐይ ምኗም አይደለም።

ፍላሽ የማይሆንበትም ቦታ አለ። አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ እናት ላነሳ ፈቃድ ጠየቅኩ፤ እሺ አሉኝ። ብልጭ ሳደርገው ከጎናቸው የነበረ ግመል ደንብሮ ተነሳ። ባለቤቱ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ፍላሹን ወደ ቦርሳ መለስኩ። ፀሐይዋ ግን እንዳለች ናት፤ የሴትየዋ ዓይን ሻሻቸው ሥር ጨልሟል። አጠገባቸው የነበረች ልጅ ባዶ ነጭ ማዳበሪያ ይዛ ነበር። "እስቲ ዘርጊልኝ፣ ዝቅ አድርጊው፣ ወደሳቸው አዘንብዪው" አልኳት። ብርሃኑ ከማዳበሪያው ነጥሮ ፊታቸው ላይ ወጣ። ሴትየዋ "ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?" ብለው ሳቁ፤ ያኔ ነው ያነሳኋቸው። ፎቶው ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ። ጠጋ ብላችሁ ዓይናቸውን ካያችሁ፣ ማዳበሪያው አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያችኋል።