የባለቤቴን ደሴ እንዴት ልየው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ያደገው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። ከወጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በጥር ለሦስት ቀን አብረን ልንሄድ ነው። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ፤ አገሩን አላውቀውም። ምን እንይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ጋቢ ያዢ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የጥር ምሽቷ የአዳማን ሰው አይምርም።

የመጀመሪያውን ቀን ለእሱ ተዪለት። የእኔው ባል እዚያው ደሴ፣ ሙጋድ ሰፈር ነው ያደገው፤ ስንሄድ ቤታቸው ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሞ አገኘነው። ምንም አላለም። የጦሳን ተራራ አንጋጦ ሲያይ ቆየና «ይኸው፣ ከደጃችን ልክ እንዲህ ነበር የሚታየው» አለኝ። ኋላ አንዲት የድሮ ጎረቤት በድምፁ አወቁት። ቡና ተፈላ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የደበቀኝ የልጅነት ጉዱ ሁሉ ተዘረገፈ። ስለዚህ ቡናና ስኳር ሳትይዢ እንዳትሄጂ።

በማግስቱ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበትን የአይጠየፍ አዳራሽ እዩ። ከዚያ ወደ ሐይቅ ከተማ ሂዱ፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። እኔ ባሌን ወደ ውስጥ ሰድጄ ውጭ ዓሣ ጥብስ እየበላሁ ጠበቅሁት፤ አልተቆጨሁም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ። የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሆድ ይበጠብጣልና ቁርስሽን ቀለል አድርጊ። ታች ስትደርሺ ጋቢውን ራስሽ ታወልቂዋለሽ።