መልስ፦ ከባሕር ዳር ጅማ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

አባትህ ከባሕር ዳር ጅማ በአንድ ሰዓት ይደርሳሉ ወይ ላልከው፣ አይደርሱም። በአየር ርቀቱ 440 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ካርታው ላይ ቅርብ ይመስላል፤ ጉዞው ግን በቦሌ በኩል ነው። ባሕር ዳር ቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ቦሌ ጅማም እንዲሁ፤ ቀኑን የሚበላው መሀል ላይ ያለው ቆይታ ነው። ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት ቁረጥላቸው።

ቦሌ ላይ ላግኛቸው ካልክ ከለገጣፎ በጊዜ ተነሣ። ጠዋት አያትና ሲኤምሲ ላይ መኪና አይንቀሳቀስም።

አደራህን ግን፣ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አይደለም። 07:20 ማለት ከጠዋቱ 1:20 ነው፤ ከቀኑ 7:20 መስሏቸው በረራ ያመለጣቸው አዛውንት አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል። በእኛ ሰዓት ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈህ ስጣቸው።