የኤ-10 የሻርክ ጥርስ፦ በእጅ ይቀባ ወይስ ዲካል ይለጠፍ?

ጥያቄህ እንዲህ ነበር፦ "የኤ-10 (ምድር ላይ ያለን ዒላማ የሚመታው የአሜሪካ ጄት) 1/48 ሞዴል፣ ማለትም ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰውን፣ እየገጣጠምኩ ነው። የአፍንጫውን የሻርክ አፍ ከሳጥኑ በመጣው ዲካል (በውሃ ተነክሮ በሚለጠፈው ስስ ሥዕል) ልሥራው ወይስ በብሩሽ ልቀባው? እውነተኞቹ ጄቶች ላይስ ማን ነው የሚስለው?"

ወንድሜ፣ አጭሩ መልስ፦ አፉን በእጅህ ቀባው፤ ዓይኑንና ጽሑፉን በዲካል ሥራው። ጊዜ ካለህ ደግሞ ረጅሙን አንብበው።

እስካሁን አራት ኤ-10 ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን በዲካል ነበር። ዲካል ስስ ነገር ነው፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ እሺ ይላል። የኤ-10 አፍንጫ ግን ወደ ጎንም ወደ ታችም የሚታጠፍ ድቡልቡል ነው። ጉንጩ ላይ ሸጋ ሆኖ ተቀመጠልኝ። ወደ መድፉ ስጠጋ ግን እንደ ደረቀ ቅጠል ተጨማደደ። ማለስለሻ ፈሳሽ ደጋግሜ አፈሰስኩበት። ሦስተኛው ላይ ሁለት ጥርስ ተቀዶ በብሩሹ ተያይዞ መጣ። ሞዴሉ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬው።

ሁለተኛውን በማስኪንግ ቴፕ (ቀለም እንዳይነካ ቦታውን በሚሸፍን ፕላስተር) ሞከርኩ። የግራውን አፍ ቆረጥኩ፣ ገለበጥኩት፣ ለቀኝ ተጠቀምኩበት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከሥር ሳየው ሁለቱ ጎኖች አይገናኙም፤ የፊት ጎማው በር አንዱን ጎን በልቶብኛል። ምክንያቱን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ አውሮፕላን መድፍ የተገጠመለት ሳይሆን በመድፍ ዙሪያ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ባለ 30 ሚሊሜትሩ መድፍ ሰባት አፈሙዝ አለው፤ እየተሽከረከሩ በየተራ ይተኩሳሉ። የሚተኩሰው አፈሙዝ በትክክል የአውሮፕላኑ መሃል መስመር ላይ መዋል አለበት። አለበለዚያ ግፊቱ አፍንጫውን ወደ ጎን ይወስደዋል። ስለዚህ መድፉ ራሱ ትንሽ ወደ ግራ ገባ ብሏል፤ የፊት ጎማው ደግሞ ቦታ ለቆ ወደ ቀኝ ሄዷል። ሁለቱን ጎኖች ለየብቻ ከፎቶ እያየህ ሳል። መገልበጥ የለም።

አቀባቡ ላይ አንድ ዘዴ ልስጥህ። ጥርሱን አትቀባ። አፉን በሙሉ መጀመሪያ ነጭ አድርገው፤ ስስ በስስ፣ ሦስት አራት ጊዜ። ሲደርቅ በጥርሶቹ መሃል ያለውን ክፍተት በጥቁርና በቀይ ሙላው። ጥርሱ ራሱ ይወጣል። በነጭ ሹል ጫፍ ለማውጣት ከታገልክ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ነጩም ጥቁሩን አይሸፍንልህም። ከመስመር የወጣብህን በመጨረሻ በአውሮፕላኑ ግራጫ ትመልሰዋለህ። ደግሞ ንጹሕ ነጭ አትጠቀም፤ ጠብታ ግራጫ ጨምርበት። ሦስተኛውን ሞዴሌን ያየ ጓደኛዬ "የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነው እንዴ?" ብሎኛል። እውነቱን ነው።

ማን ይስለዋል ላልከው፦ ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የታዋቂዋን ቢ-17 ቦምብ ጣይ የ"ሜምፊስ ቤል"ን ሥዕል የሳለው ቶኒ ስታርሰር ፓይለት አልነበረም፤ የምድር ሠራተኛ ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለችውን ልጅ ከሠዓሊው ጆርጅ ፔቲ የመጽሔት ሥዕል ወስዶ በግራ በኩል ሰማያዊ፣ በቀኝ በኩል ቀይ የዋና ልብስ አለበሳት። (አየህ? እዚያም ግራና ቀኝ አንድ አይደለም።) በዛሬዎቹ የአሜሪካ ጄቶች ላይም ልብ በል፤ በአብዛኛው በግራ የፓይለቱ ስም፣ በቀኝ ክሩ ቺፍ የሚባለው የዋናው መካኒክ ስም ይጻፋል። ፓይለቱ ዛሬ ይህን፣ ነገ ያንን ሊያበር ይችላል። መካኒኩ ግን ከአንዷ ጋር ነው የሚውለው። አውሮፕላኑ የእሱ ነው፣ ፓይለቱ ተውሶት ነው የሚሄደው ብለው የሚቀልዱት ለዚህ ነው።

የሻርክ አፉን "ፍላይንግ ታይገርስ ፈጠሩት" የሚል አስተያየት እዚህ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለቻይና የተዋጉትን አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኛ ፓይለቶች ማለታቸው ነው። አይደለም። እነሱ ፎቶ አይተው የወሰዱት፣ በሰሜን አፍሪካ ከተዋጋው የብሪታንያ 112ኛ ስኳድሮን ነው። እሱ ደግሞ ያየው በጀርመኖቹ ሜሰርሽሚት 110 ተዋጊ አውሮፕላኖች ላይ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም አፍ የተሳለባቸው አውሮፕላኖች ነበሩ። ታይገርሶቹ ባበሩት ፒ-40 ተዋጊ ላይ ዝነኛ የሆነው አፍንጫው ሥር ያለው ትልቅ የአየር ማስገቢያ ራሱ የተከፈተ አፍ ስለሚመስል ይመስለኛል፤ ሠዓሊው ጥርስ ብቻ ጨመረለት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1942 የታይገርሶቹን ቦታ የተረከበው 23ኛው የተዋጊዎች ግሩፕ ዛሬ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ሙዲ በሚባል የአየር ኃይል ሰፈር ኤ-10 ያበራል። ጭራው ላይ ኤፍ እና ቲ የሚሉ ሁለት ፊደላት ካሉ የእነሱ ነው፤ የሻርክ አፉም የዚያ ውርስ ነው። ሌሎች ክፍሎች የከርከሮ ፊት ስለዋል፣ የአውሮፕላኑ ቅጽል ስም ከርከሮ ስለሆነ። ስለዚህ ዲካሉ ላይ ያለውን የጭራ ፊደል ሳታይ አፉን አትጀምር።

ኤፍ-16 እና ኤፍ-15 ላይ ይህን ያህል ትልቅ አፍ የማይበዛበት አንዱ ምክንያት አፍንጫቸው ራዳር መያዙ ነው። የራዳሩ ሽፋን ሞገድ ማሳለፍ አለበት፤ ወፍራም ወይም ብረት ያለበት ቀለም ይረብሸዋል። ስለዚህ ሥዕሉ ከኮክፒቱ ሥር ይገባል። ኤፍ-4ኢ ጥሩ መላ ነበረው፦ ከራዳሩ ሥር የመድፍ አገጭ ስላለው ጥርሱ እዚያ ላይ ተሳለ። ከራዳር የሚሰወረውን ኤፍ-117ን ያየህ እንደሆነ ደግሞ ከውጭ ምንም የለም፤ የራዳር ሞገድ የሚውጠውን ልባስ ማን ይደፍራል? ሥዕሎቹ በቦምብ ክፍሉ በሮች የውስጥ ገጽ ላይ ነበሩ። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ወደ ሞዴልህ ልመለስ። ዲካል ከመለጠፍህ በፊት ቦታውን በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀባው፤ ሸካራ ላይ ከለጠፍከው ሥሩ አየር ይዞ ብር ይመስላል። በመጨረሻ ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ። ከዚያ የጥቁር ፓስቴል ዱቄት ውሰድና ከመድፉ አፍ ጀምረህ ወደ ኋላ፣ በጥርሶቹ ላይ፣ በደረቅ ብሩሽ ሳብ ሳብ አድርገው። የመድፉ ጭስ እንደዚያ ነው የሚያጠቁረው። የታችኛውን ረድፍ ከላይኛው ትንሽ አጥቁረው። ስትጨርስ ሁለቱንም ጎን ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን፤ የቀኙንም ጭምር።