«ኢንፈር» (በቀጥታ ያልተጻፈውን ከተጻፈው ተነስቶ መረዳት) ለሚሉ የእንግሊዝኛ ምንባብ ጥያቄዎች እንዴት ልለማመድ? (መልስ)

እህቴ፣ «የቃላቱን ፍቺ አውቃለሁ፣ በቀጥታ የተጻፈውን ሲጠይቁኝም አልስትም፤ ‹ኢንፈር› ወይም ‹ኢምፕላይ› (በተዘዋዋሪ መጠቆም) የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን እገምታለሁ» ብለሻል። ችግሩ ያለው እዚያ «እገምታለሁ» ላይ ይመስለኛል። ጥያቄው የሚፈልገው ከተጻፈው ተነስተሽ በማስረጃ የምትደርሺበትን ነው።

ምንባቡ «ሰውዬው በር በሩን እያየ ሰዓቱን ደጋግሞ ተመለከተ» ቢል፣ «ሰው የሚጠብቅ ይመስላል» ያስኬዳል። «ሚስቱን እየጠበቀ ነው» ግን አያስኬድም፤ ስለ ሚስት ምንም ፍንጭ የለማ! ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ነው፤ ሊሆን የሚችለውን ማስረጃ ካለው ጋር ይቀላቅላል። ስለዚህ ከመምረጥሽ በፊት የሚደግፍሽን ሐረግ አስምሪበት። የሚሰመርበት ካጣሽ ምርጫውን ተዪው።

ትንንሽ ቃላትን አትናቂ። «ኢቭን ሣራ ፓስድ» ካለ ሣራ ታልፋለች ተብሎ አልተጠበቀም ነበር፤ በአማርኛም «ሣራ እንኳ አለፈች» ስንል ይኸው ነው። «ማኔጅድ ቱ» (እንደምንም ተሳካለት) ካለ ነገሩ ቀላል አልነበረም። «ስቶፕድ ስሞኪንግ» (ማጨስ አቆመ) ካለ ሰውዬው ቀድሞ ያጨስ ነበር። «ኦልዌይስ» (ሁልጊዜ) እና «ኦንሊ» (ብቻ) ያለባቸውን ምርጫዎች ሁለቴ እያቸው፤ ብዙውን ጊዜ ምንባቡ ከሚለው አልፈው ይሄዳሉ።

በቀን አንድ አጭር ምንባብ ይበቃሻል። ምርጫዎቹን በወረቀት ሸፍነሽ መጀመሪያ በራስሽ አነጋገር መልሺ፣ በአማርኛም ቢሆን ግድ የለም። ከዚያ ግለጪና የሚቀርበውን ፈልጊ። ስታርሚ፣ የሳትሽው ጥያቄ አጠገብ ከራስሽ የጨመርሽው ነገር ምን እንደነበር በአንድ መስመር ጻፊ።