ከንቲባውን ብቻ አይደለም፣ ሸሪፉንም ጠይቁ

እዚህ አሜሪካ የምርጫ ወራት ሲደርስ ዕጩዎች ወደ እኛ ሰፈር መመላለስ ይጀምራሉ። ነጠላ ይደርባሉ፣ ክትፎ ይቀምሳሉ፣ አንድ «አመሰግናለሁ» ጣል አድርገው ጭብጨባቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሰሞኑን ደግሞ ብዙዎቹ «እኔ ከተመረጥሁ አይስ በከተማችን ስደተኛ አያስርም» የሚል ቃል ጨምረዋል። ወገኖቼ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት «እንዴት አድርገው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አይስ ስደተኞችን የሚይዝና የሚያባርር የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ከንቲባ ከከተማ ሊያስወጣው አይችልም። የከተማና የካውንቲ (ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር) ሹሞች የሚያዙት የራሳቸውን ፖሊስ፣ እስር ቤት፣ መዝገብና በጀት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ ሰው ትልቁ እስር ቤቱ ነው። አንድ ወንድማችን ያለ መንጃ ፈቃድ ሲነዳ ተይዞ ካውንቲ እስር ቤት ቢገባ አሻራው ይነሳል፤ አሻራውም በፌዴራል መዝገብ በኩል ለኢሚግሬሽን ይደርሳል። ይህን ማንም ሸሪፍ፣ ማለትም የካውንቲ ፖሊስ አዛዥ፣ አያስቀረውም። ከዚያ በኋላ ግን አይስ «ይህን ሰው ከመልቀቃችሁ በፊት እስከ 48 ሰዓት አቆዩልኝ» የሚል ወረቀት ለእስር ቤቱ ይልካል። ወረቀቱን የሚፈርመው የአይስ ባልደረባ እንጂ ዳኛ አይደለም። የስቴቱ ሕግ ካላስገደደ ወይም ካልከለከለ በቀር፣ ሰውየውን ማቆየት ወይም መልቀቅ የእስር ቤቱ ኃላፊ ውሳኔ ነው። በአብዛኛው አሜሪካ ያ ኃላፊ ሸሪፉ ነው፤ ሸሪፉም በሕዝብ ይመረጣል። ስሙ ከድምፅ መስጫው ወረቀት ታች ስለሚገኝ ብዙዎቻችን እዚያ ሳንደርስ ሰልችቶን እንተወዋለን።

በ1996 የወጣው 287 ጂ የሚባለው ድንጋጌም አለ። ሸሪፍ ከአይስ ጋር ተዋውሎ የራሱን ሠራተኞች የኢሚግሬሽን ሥራ እንዲያሠራ ይፈቅዳል። በፌዴራል ሕግ ማንም ይህን ውል እንዲፈርም አይገደድም። በጆርጂያ ስቴት በአትላንታ ዙሪያ ያላችሁ የጉዊኔትንና የኮብን ነገር ታስታውሳላችሁ። ሁለቱም ካውንቲዎች ለብዙ ዓመታት በዚህ ውል ሠርተዋል። በ2020 ምርጫ፣ ሁላችንም ስለ ትራምፕና ስለ ባይደን ስንከራከር፣ ኪቦ ቴይለር በጉዊኔት፣ ክሬግ ኦውንስ በኮብ ሸሪፍ ሆነው ተመረጡ። በጥር 2021 ሥልጣን ሲይዙ ሁለቱም ውሉን አቋረጡ።

ታዲያ ይህን ሰምቶ ሸሪፍ ሁሉን ይችላል ማለትም ስሕተት ነው። በ2024 ጆርጂያ ሸሪፎች ከአይስ ጋር እንዲተባበሩ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች፤ ቴክሳስ ተመሳሳዩን በ2017 አድርጋለች። ስለዚህ በቴክሳሷ ዳላስ «ከአይስ ጋር አልተባበርም» ብሎ የሚምል ዕጩ ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ እናንተ አታውቁም ብሎ ነው። በእነዚህ ስቴቶች ለስቴት ምክር ቤት የሚወዳደረው ሰው ከከንቲባው ይልቅ ጥያቄያችሁ ይገባዋል።

ሲያትል ደግሞ ሌላ ነው። ዋሽንግተን ስቴት በ2019 የአካባቢ ፖሊስ ከኢሚግሬሽን ጋር የሚተባበርበትን መንገድ በሕግ አጥብቧል። ሲያትል በምትገኝበት በኪንግ ካውንቲ ሸሪፉ ከእንግዲህ በሹመት ይሁን ብሎ ሕዝቡ በ2020 ወስኗል፤ የሚሾመው የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ነው፣ እስር ቤቱም በእርሱ ሥር ነው። ያን የሥራ አስፈጻሚነት ወንበር በኅዳር 2025 ያሸነፈው የኢትዮጵያ ስደተኞች ልጅ ግርማይ ዛሂላይ ነው። ደስ ብሎናል፣ ደስ ሊለንም ይገባል። ደስታው ግን ከመጠየቅ ሊያግደን አይገባም፤ የእኛ ልጅ ስለሆነ ጥያቄያችን ቢቀልለት እርሱንም አንጠቅመውም። በዚያው ምርጫ የሲያትል ከንቲባነት የተለየው በሁለት ሺህ ገደማ ድምፅ ብቻ መሆኑንም ልብ በሉ። የእኛ ማኅበረሰብ በዚያች ከተማ ከዚያ አያንስም።

ዕጩው ፊታችሁ ሲቆም ስለ ፍቅርና አንድነት እንዲያወራ አትፍቀዱለት። የመኪና ሰሌዳ የሚያነቡት የፖሊስ ካሜራዎች የሰበሰቡትን መረጃ ማን ያየዋል፣ አይስስ? በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት ጠበቃ አያቆምምና፣ ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ በበጀቱ ይኖራል? ቁጥር እንዲናገር አድርጉት።

አሁን ደግሞ ወረቀታችሁ ላላለቀ፣ ግሪን ካርድ ላይ ላላችሁም ጭምር፣ ጠንከር ያለ ቃል አለኝ። ዜጋ ሳትሆኑ ድምፅ አትስጡ፤ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ የሚቀርብላችሁን የመራጭነት ምዝገባም በችኮላ አትፈርሙ። በሐሰት «ዜጋ ነኝ» ማለት ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ለመባረር ያበቃል፣ ይቅርታ የሚገኝበትም መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። የዜግነት ማመልከቻውም ድምፅ ሰጥታችሁ ወይም ተመዝግባችሁ ታውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። በሜሪላንድ ስቴት ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎን ያለችው ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማዋ ምርጫ እንዲሳተፉ ትፈቅዳለች። ፈቃዱ ግን ለዚያች ከተማ ምርጫ ብቻ ነው፤ መንገድ ተሻግሮ የሚኖረው ጎረቤት እንኳ አይገባበትም። የጓደኛ ወሬ ሰምታችሁ ሳይሆን ጠበቃ ጠይቃችሁ ወስኑ።

በምግብ ቤቶቻችን ለዕጩ ገንዘብ ሲሰበሰብ ፖስታ የሚያዞሩ ሰዎችም ይጠንቀቁ። ከዜጋና ከግሪን ካርድ ባለቤት በስተቀር ሌላው ስደተኛ ለከተማ ምርጫም ቢሆን ማዋጣት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ ልጅ በይሉኝታ ሃምሳ ዶላር ሲያወጣ ማየት ያሳዝነኛል።

በከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ለመናገር ግን ዜግነት አይጠየቅም። ወረቀት የሌለው ሰው በካሜራ ፊት ስሙን ይናገር አልልም፤ ዜጋ የሆነ ዘመዱ ይናገርለት። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶችም አይቅሩ። በዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ያስተናግዳሉ፤ በሌላውም ከተማ ቢሆን ከስብሰባው ጥቂት ቀናት አስቀድማችሁ ደውላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።