መልስ፦ መድኃኒቱን እየወሰደ ከቤት አልወጣ ላለው ወንድምሽ

እህቴ፣ «ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው የአእምሮ ሕመም የታዘዘለትን መድኃኒት እየወሰደ ለምን ከቤት አይወጣም?» ብለሽ ጠይቀሻል። መድኃኒቱ እሱ ብቻ የሚሰማውን ድምፅ ሊያበርድለት ይችላል። የራቀውን ጓደኛና የተወውን ሥራ ግን ብቻውን አይመልስም።

በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በጥናት የተሞከረ ነገር አለ። የሰለጠኑ ሠራተኞች ቤት ድረስ እየሄዱ ታማሚውንና ቤተሰቡን ደገፉ፣ የአካባቢውንም ሰው አስተባበሩ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት፣ ድጋፉ ከሕክምና ጋር ሲጣመር በ12 ወር የታማሚዎቹ የዕለት ተዕለት ኑሮ መሻሻሉን አሳይቷል።

እናንተም በትንሹ ጀምሩ። ቡና ሲፈላ አብሯችሁ ይቀመጥ። ሲለምድ ሱቅ ላኩት። አትቆጡት፣ ስንፍና አይደለም፤ ሕመሙ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ጠበል ብትወስዱትም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ አደራ! ራሴን አጠፋለሁ ካለ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

አንቺንስ የሚያግዝሽ ሰው አለ?